ባትሪ ያለበትን ዕቃ ከደብረ ማርቆስ ወደ ውጭ መላክና ከውጭ ማስመጣት፦ ምኑ ያልፋል፣ ምኑ ይመለሳል?

የጮቄ ሥር (ደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ሥራውን በደንብ የሚያውቅ ሰው እንዲመልስልኝ ነው። ጉዳዩ ሁለት ነው።

አንደኛው መላክ። ለቅየሳ የምንጠቀምበት ቶታል ስቴሽን ለካሊብሬሽን (ልኬቱ ተፈትሾ እንዲስተካከል) ዱባይ መሄድ አለበት። ከነሣጥኑ፣ ከሁለት ትርፍ ባትሪና ከቻርጀሩ ጋር ነው። ባትሪው ላይ "ሊቲየም አዮን፣ 7.4 ቮልት፣ 4.4 አምፔር-ሰዓት" ይላል። በዚያው ካርቶን ጀርባው ያበጠ ታብሌት አብሬ ልኬ ባትሪው እዚያ እንዲቀየርልኝ አስቤያለሁ።

ሁለተኛው ማስመጣት። እኅቴ ከአሜሪካ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ 20,000 ሚሊአምፔር ፓወር ባንክ፣ እና እዚህ ለሚገኝ ሌላ ላፕቶፕ የሚሆን መለዋወጫ ባትሪ ልትልክልኝ ነው። በፖስታ ይሻላል፣ በፈጣን መልእክት (ኩሪየር) ወይስ በሰው እጅ?

አንዱ መላኪያ ቢሮ "ኤሌክትሮኒክስ አንቀበልም" ይላል። ሌላው "ባትሪው ከወጣ እንቀበላለን" ይላል። ሦስተኛው ምንም ሳይጠይቅ ይመዝናል። ትክክለኛው ሕግ የቱ ነው?

የካርጎ ሰው (አዲስ አበባ፣ ትውልድ ቢቸና)

ወንድሜ፣ የአየር ጭነት ሕግ "ኤሌክትሮኒክስ" ብሎ የሚከለክለው ነገር የለም። ሕጉ የሚጠይቀው ስለ ባትሪው ብቻ ነው። እሱም ሁለት ነገር ነው፦ ባትሪው የት ነው ያለው? ስንት ዋት-ሰዓት ነው? እነዚህን ሁለቱን ካወቅህ የቢሮው ሰው ምን እንደሚልህ ሳትሄድ ታውቀዋለህ።

"የት ነው" ሲባል ሦስት መልስ አለው። መሣሪያው ውስጥ ተገጥሞ የሚሄድ፣ ከመሣሪያው ጋር በአንድ ካርቶን ግን ተለይቶ የሚሄድ፣ እና መሣሪያ ሳይኖር ባትሪ ብቻውን የሚሄድ። ሊቲየም አዮን ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዩኤን 3481 ናቸው (ዩኤን የተባበሩት መንግሥታት ለአደገኛ ጭነት የሰጠው መለያ ቁጥር ነው)፤ ብቻውን ሲሆን ዩኤን 3480 ይሆናል። ይህች የአንድ ቁጥር ልዩነት ናት ዕቃ የምታስመልሰው። ዩኤን 3480 ከኤፕሪል 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን እንደ ጭነት መሄድ ተከልክሏል፤ የሚሄደው በጭነት አውሮፕላን ብቻ፣ ቻርጁም ከ30 በመቶ ሳይበልጥ ነው።

ዋት-ሰዓት ማለት ቮልት ሲባዛ በአምፔር-ሰዓት ነው። ያንተ ባትሪ 7.4 × 4.4 = 32.56 ዋት-ሰዓት ይመጣል። ለባትሪ ጣራው 100 ነው፣ ለአንድ ሴል ደግሞ 20። ከዚያ በታች ከሆነ በቀለለው ሥርዓት ይስተናገዳል። ከ100 ካለፈ ሙሉ ክላስ 9 አደገኛ ጭነት ይሆናል፤ ሠልጥኖ ፈቃድ ያለው ሰው ሳይፈርምበት አይንቀሳቀስም።

ይህ ሁሉ ጥብቅነት ቢሮክራሲ ብቻ እንዳይመስልህ። አንዱ ሴል ከውስጥ ከተቃጠለ ሙቀቱ ጎረቤቱን ሴል ያነሳሳል፣ ያ ደግሞ ቀጣዩን። በመንገደኛ አውሮፕላን ዕቃ ክፍል ውስጥ ያለው የእሳት ማጥፊያ ጋዝ ነበልባሉን ያፍናል እንጂ ይህን መቀጣጠል ማቆም አይችልም። ሴፕቴምበር 3 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. ከዱባይ የተነሳ ቦይንግ 747 የጭነት አውሮፕላን ብዙ ሊቲየም ባትሪ ጭኖ እሳት ተነስቶበት ወድቋል፤ ሁለቱም አብራሪዎች ሞተዋል። የቻርጁ መጠን የተገደበውም ለዚህ ነው፤ ቻርጁ ዝቅ ያለ ሴል ለመቀጣጠል ያስቸግራል፣ ቢቀጣጠልም ጉልበቱ ያነሰ ነው።

አሁን ወደ ቶታል ስቴሽኑ። አንዱ ባትሪ ተገጥሞ፣ ሁለቱ ትርፍ ሆነው ይሄዳሉ። ሕጉ የሚፈቅደው መሣሪያውን የሚያሠራውን ባትሪና ከዚያ በላይ ሁለት ቅያሪ ነው፤ ስለዚህ ጣራው ላይ ነህ፣ ሦስተኛ ትርፍ እንዳትጨምር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከመሣሪያ ጋር ተለይቶ የሚታሸግ ባትሪ ቻርጁ ከ30 በመቶ በላይ መሆን አይፈቀድም። በፊት ምክር ነበር፣ አሁን ግዴታ ሆኗል። ብዙ ሰው ይህን ገና አልሰማም። መሣሪያውን አብርተህ ጠቋሚው ከአራት መስመር አንድ እስኪቀረው ድረስ አሠራው። ጨርሰህ ግን አታድርቀው፤ በሴል ከ3 ቮልት በታች ወርዶ ከሰነበተ ሲመለስ ቻርጅ አልቀበልም ሊልህ ይችላል። የተገጠመውንም በዚያው አውርደው፤ ለእሱ ምክር ነው እንጂ ግዴታ አይደለም።

አስተሻሸጉ እንዲህ ነው። የትርፍ ባትሪዎቹን የብረት ነጥቦች በናስትሮ ሸፍን፣ እያንዳንዱን በየራሱ ላስቲክ ከረጢት አድርግ። ሁለቱ ባትሪዎች ወይም ባትሪና የቻርጀሩ ሹካ ፊት ለፊት መነካካት የለባቸውም። መሣሪያውን አጥፋ፣ የተገጠመው ባትሪ ክዳን እንዳይከፈት አጥብቅ። ከዚያ የፋብሪካው ጠንካራ ሣጥን ውስጥ አስገባው። ሣጥኑን ደግሞ ሌላ አዲስ ባለ ድርብ ካርቶን ውስጥ ክተት፤ በስድስቱም በኩል ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ስፖንጅ ይኑረው። ካርቶኑ ከ1.2 ሜትር ቢወድቅ ባትሪው መጎዳትም ከቦታው መንሸራተትም የለበትም። መለኪያው ይኸው ነው።

ከካርቶኑ ውጭ የሊቲየም ባትሪ ምልክቱ ይለጠፋል፦ ዙሪያው በቀይ ሰያፍ መስመር የታጠረ፣ መሐሉ ላይ ባትሪ ሲቃጠል የሚያሳይ ሥዕል ያለው፣ ከታቹ ዩኤን 3481 የሚል። መጠኑ 100 በ100 ሚሊሜትር ነው፤ ካርቶኑ ካነሰ 100 በ70 ይፈቀዳል። በቀለም አትሙት። በጥቁርና ነጭ ታትሞ የመጣ ምልክት ይመለሳል። በአንድ በኩል ብቻ ተኝቶ ይለጠፍ፤ ጠርዝ ላይ ታጥፎ ግማሹ በዚህ ግማሹ በዚያ ከሆነ አይቀበሉትም።

የሚጠየቀው ወረቀት የባትሪው ዩኤን 38.3 (የሊቲየም ባትሪ የጉዞ ደኅንነት ፈተና) ማጠቃለያ ነው። አምራቹ ከጃንዋሪ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ማቅረብ ይጠበቅበታል፤ አብዛኛው አምራች ድረ ገጹ ላይ በባትሪው ሞዴል ቁጥር ታገኘዋለህ። "ኤምኤስዲኤስ (የዕቃው የደኅንነት መረጃ ወረቀት) አምጣ" የሚልህም አለ። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ሁለቱንም ይዘህ ሂድ። ባትሪው ከገበያ የተገዛ የሌላ አምራች ቅጂ ከሆነ ማጠቃለያው አይገኝም። እንዲህ ያለውን ባትሪ እዚህ ትተኸው በፋብሪካው ባትሪ ብቻ ላከው።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፣ ከባትሪው ይልቅ እሱ ነው ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍለው። መሣሪያው ተመልሶ የሚመጣ ስለሆነ ሲወጣ በጊዜያዊነት የሚወጣ ተብሎ ዲክላራሲዮን ይሠራለት፤ ሴሪያል ቁጥሩም ይጻፍበት። ዝም ብሎ ከወጣ ሲመለስ እንደ አዲስ ገቢ ዕቃ ሆኖ ቀረጥ ይሰላበታል። ትራንዚተርህ ይህን ካላነሳ አንተ አንሳ። የቅየሳ መሣሪያ የታሪፍ አንቀጹ 90.15 ነው። ኢንቮይሱ ላይ "ለካሊብሬሽን፣ ተመላሽ" የሚል ይግባበት፣ ዋጋውም እውነተኛው ይሁን።

ካቻቪቴ (ባሕር ዳር)

ስለ ታብሌቱ እኔ ልመልስ። ያበጠውን ባትሪ አትላክ። በመንገደኛ አውሮፕላንም በጭነት አውሮፕላንም አይሄድም፤ የተጎዳ ወይም ያበጠ ሊቲየም ባትሪ በአየር ፈጽሞ ክልክል ነው። ከቶታል ስቴሽኑ ጋር አንድ ካርቶን ውስጥ ከተገኘ ደግሞ ሙሉው ካርቶን ነው የሚያዘው።

መውጫው ባትሪውን አውጥተህ ታብሌቱን ብቻውን መላክ ነው። ባትሪ የሌለው ታብሌት ተራ ዕቃ ነው፤ ምልክት አይፈልግም። በሰርኪቱ ላይ ትንሽ የሰዓት ባትሪ ቢኖር እንኳ ቦርዱ ላይ የተገጠመ የአዝራር ባትሪ ስለሆነ ምልክት አያስፈልገውም።

ስታወጣው ጥንቃቄው ይህ ነው። አትቸርጀው። አጥፋው። ለሌላ ታብሌት ጀርባውን በሙቀት እናላቅቃለን፤ ያበጠ ላይ ግን የሙቀት ጠመንጃ አይነካም። እብጠቱ ራሱ ብዙ ጊዜ ክዳኑን ገፍቶ ክፍተት ስለሚፈጥር በዚያ ቀጭን የፕላስቲክ ካርድ ይገባል። የብረት ካቻቪቴ በባትሪው ሥር ለመፈልቀቅ አትጠቀም፤ ከረጢቱ ቀጭን አሉሚኒየም ነው፣ አንዴ ከተበሳ እዚያው ይጨሳል። ክዳኑ እንደተከፈተ መጀመሪያ የባትሪውን ሶኬት ከቦርዱ ንቀል። ሙጫውን በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ጠብታ አርጥብና ደቂቃዎች ጠብቀህ በካርዱ ቀስ እያልክ አንሳው። ባትሪውን አታጥፈው፣ አትጫነው። የወጣውን ነጥቦቹን በናስትሮ ሸፍነህ ደረቅ አሸዋ ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ አድርገህ ከቤት ውጭ፣ ዝናብና ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አስቀምጠው። ቤት ውስጥ መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር፤ ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነማ በፍጹም።

በእርግጥ ለታብሌት ባትሪ ብሎ ዱባይ መላክ አያዋጣም፣ እዚሁ ይቀየራል። ስክሪኑ ወይም ቦርዱ ከሆነ ግን ከላይ ባለው መንገድ ይሂድ።

ፓወር ባንክ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ገበያ ላይ "50,000 ሚሊአምፔር" የሚል በኪስ የሚያዝ ፓወር ባንክ ታያላችሁ። ውስጡን ሲከፍቱት ብዙ ጊዜ 18650 የሚባሉት ክብ ሴሎች ናቸው። ከእነዚህ ጥሩ የሚባለው አንዱ የሚይዘው ወደ 3,500 ሚሊአምፔር ነው፤ ስለዚህ ሦስትና አራት ሴል ይዞ 50,000 ሊሆን አይችልም። ፈታሹ ግን አይከፍተውም፣ የሚያነበው የተጻፈውን ነው። 50 አምፔር-ሰዓት × 3.7 ቮልት = 185 ዋት-ሰዓት። ከ160 በላይ ነውና ይወረሳል። የውሸት ጽሑፍ ገዢውን ሁለት ጊዜ ይጎዳዋል። ምንም ያልተጻፈበት፣ ጽሑፉ የተፋቀም እንዲሁ አያልፍም። 20,000 የሚለው ግን 74 ዋት-ሰዓት ስለሆነ መጠኑ ችግር የለበትም።

ጣና ዳር

ከአሜሪካ የሚመጣውን በተመለከተ። ፖስታውን እርሱት። የአሜሪካ ፖስታ ያገለገለ ሊቲየም ባትሪ ያለበት መሣሪያ በአየር አይወስድም፤ ከፋብሪካው ማሸጊያው ያልወጣ አዲስ ወይም አምራቹ ራሱ አድሶ ያረጋገጠው ካልሆነ በቀር። ወደ እኛ አገር ደግሞ በየብስ አይደርስ። ባትሪ ብቻውንና ፓወር ባንክማ በዓለም አቀፍ ፖስታ ጨርሶ አይፈቀድም። ፓወር ባንክ ለሕጉ "መሣሪያ" አይደለም፣ ራሱ ባትሪ ነው፤ የካርጎ ሰው እንዳለው ዩኤን 3480 ማለት ነው።

ስለዚህ ላፕቶፑን ባትሪው ተገጥሞ በፈጣን መልእክት ትላከው፣ ወይም ከሚመጣ ሰው ጋር ይምጣ። ፓወር ባንኩ በሰው እጅ ብቻ፣ በእጅ ሻንጣ ውስጥ ሆኖ ይምጣ። የሚፈተሽ ሻንጣ ውስጥ መግባት የለበትም። ለመንገደኛ እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለ ፈቃድ ያልፋል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው አየር መንገዱ ሲፈቅድ ሁለት ብቻ፤ ከዚያ በላይ የለም። አንዳንድ አየር መንገድ ከዚህም ያጠብቃል፣ የምትበርሪበትን ጠይቂ በሏት። ላፕቶፑም በእጅ ቢያዝ ይመረጣል፤ የግድ ከታች ከገባ ግን ስክሪኑን መክደን ብቻ አይበቃም፣ ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለበት።

መለዋወጫ ባትሪውን ከላፕቶፑ ጋር አንድ ካርቶን ውስጥ ብታደርገው "ከመሣሪያ ጋር የታሸገ" ሆኖ ይሄዳል፣ 3480 መሆኑ ይቀራል።

የካርጎ ሰው

እኅቴ ጣና ዳር፣ ሌላው ሁሉ ልክ ነው፣ የመጨረሻዋ ግን እዚህ ላይ አትሠራም። "ከመሣሪያ ጋር የታሸገ" የሚባለው ያንኑ መሣሪያ የሚያሠራ ባትሪ ሲሆን ነው። ጠያቂው ባትሪው ለሌላ ላፕቶፕ ነው ብሏል። የማይገጥም ባትሪ ከላፕቶፕ ጎን ስለተቀመጠ 3481 አይሆንም፤ ካርቶኑ ውስጥ የተደበቀ 3480 ነው። ሞዴል ቁጥሩን አይተው የሚያስተያዩ ፈታሾች አሉ፣ ሲያገኙትም እንደ ሐሰተኛ መግለጫ ነው የሚይዙት።

ሁለት ትክክለኛ መንገድ አለው። መለዋወጫው 11.1 ቮልት፣ 4,400 ሚሊአምፔር ዓይነት ከሆነ 48.84 ዋት-ሰዓት ነው፤ መንገደኛ ነጥቦቹን ሸፍኖ በእጅ ሻንጣ ያለ ፈቃድ ይይዘዋል። ካልሆነም እዚያው በደብረ ማርቆስ ወይም በአዲስ አበባ ይገዛ። በሕጋዊ የጭነት መንገድ አንድ ባትሪ ብቻውን ለማስመጣት የሚወጣው ወጪ ከባትሪው ዋጋ ይበልጣል።

ጣና ዳር

እሺ፣ በሰው እጅ ከሆነ ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ይጠቃለላል።

ጉምሩኩን ልጨርስ። እኅትህ ኢንቮይሱ ላይ "ስጦታ፣ 10 ዶላር" ብላ እንዳትጽፍ። ጉምሩክ የራሱ የዋጋ መረጃ አለው፤ የማይታመን ዋጋ ሲያይ የራሱን ተክቶ ያሰላል፣ ዕቃውም እስኪጣራ ይቆያል። ቀረጡ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፣ ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱም ተደምሮ ነው። ስለዚህ የፈጣን መልእክት ከባድ ክፍያ ራሱ ቀረጡን ያሳድገዋል። ይህን ብዙ ሰው አያሰላውም። መግለጫው በእንግሊዝኛ እንዲህ ይጻፍ፦ ያገለገለ ላፕቶፕ ኮምፒውተር፣ አምራቹ፣ ሞዴሉ፣ ሴሪያል ቁጥሩ፣ የተመረተበት ዓመት፣ ሊቲየም አዮን ባትሪ ውስጡ የተገጠመ፣ ይህን ያህል ዋት-ሰዓት። የላፕቶፕ ታሪፍ 8471.30 ነው። "መለዋወጫ" ወይም "ኤሌክትሮኒክስ" የሚል ደረቅ ቃል ዕቃውን ለፍተሻ ከማስቆም በቀር ጥቅም የለውም።

ስትጠይቋት ደግሞ የላፕቶፑን ቻርጀር ታንብብላችሁ። "100–240 ቮልት" የሚል ከሆነ የሚለወጠው ሹካው ብቻ ነው። "ለወንድሜ" ብላ የፀጉር መቁረጫ ወይም ጁስ መፍጫ ብትጨምርና 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ወዲያው ይቃጠላል።

ድሮን፣ ዎኪቶኪና የሳተላይት ስልክ ከታሰበ ከነጭራሹ አስቀድሞ ፈቃድ ነው፤ ድሮን ከኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር)፣ የሬዲዮ መሣሪያ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን። ያለ ፈቃድ ከመጣ ቦሌ ላይ ይቀራል።

የጮቄ ሥር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ታብሌቱን ትቼዋለሁ፣ መለዋወጫ ባትሪውንም በሰው አደርገዋለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ቶታል ስቴሽኑን አዲስ አበባ ለማድረስ ባሕር ዳር ወስጄ በአውሮፕላን ልላከው ወይስ በአውቶቡስ በአባይ በረሃ? ደግሞ ሌላ አሮጌ ቲዮዶላይት (ማዕዘን የሚለካ የቅየሳ መሣሪያ) አለን፤ ባትሪው "ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ" ይላል፣ እሱም ካሊብሬሽን ይፈልጋል። ሕጉ ያው ነው?

የካርጎ ሰው

የአሮጌው ይቀላል። ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ሊቲየም አይደለም፤ ነጥቦቹ እንዳይነካኩ ከተሸፈኑና መሣሪያው ሳይታሰብ እንዳይበራ ከተደረገ በአየር እንደ ተራ ዕቃ ይሄዳል። የሊቲየም ምልክቱን እሱ ላይ አትለጥፍ፤ የሌለ ባትሪ ምልክትም ጥያቄ ያስነሳል። ሁለቱን መሣሪያ በሁለት ካርቶን ለያቸው፣ አንዱ ቢያዝ ሌላው ይሂድ።

መንገዱን በተመለከተ፣ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚበረውም የመንገደኛ አውሮፕላን ነው፤ ሕጉ ከቦሌ ብቻ የሚጀምር አይደለም። ምልክቱና ወረቀቱ ከባሕር ዳር ጀምሮ ተሟልቶ መቅረብ አለበት። ተሟልቶ ካለህ ለመሣሪያው የሚሻለው በአየር ነው።

ካቻቪቴ

በአውቶቡስ ከሆነ ጣራ ላይ አይጫን፣ አያ። ደጀንን አልፎ ወደ አባይ ወርዶ ጎሃ ጽዮን እስኪወጣ ድረስ ያለው ጠመዝማዛ ቁልቁለትና ዳገት ዕቃን ከጥግ ጥግ ያጋፋል፤ የበረሃው ፀሐይም ጣራ ላይ ያለ ጥቁር ሣጥንን በጣም ያሞቀዋል። ሙቀት ባትሪውንም ያስረጃል፣ የመነጽሩንም ማስተካከያ ያዛባል። ከሰው ጋር ከውስጥ፣ እግር ሥር ቆሞ ይሂድ። ክረምት ከሆነ ካርቶኑን ከማሸግህ በፊት ሣጥኑን በወፍራም ላስቲክ ጠቅልለው፣ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ሁለት ከረጢት ጨምርበት።

የመጨረሻው ካርቶን አዲስ አበባ ደርሶ ቢታሸግ ይመረጣል። በአውቶቡስ የተንገላታ፣ ጠርዙ የረጠበ ካርቶን ካርጎ መቀበያ ላይ ሲደርስ ውስጡ ደህና ቢሆንም ይመልሱታል። ስፖንጁን፣ ምልክቱንና ስኮቹን ይዘህ ሂድ፤ ካርቶኑን እዚያ ግዛ።